ለዘፈን የተላኩ ሽማግሌዎች

በእንግሊዝኛ የተዘፈነ ዘፈን ከሰው ስልክ ላይ እየሰማችሁ፣ «ይህችን ዘፋኝ እኮ ድንች ስትልጥ አውቃታለሁ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ባለፈው ሳምንት ገጠመኝ።

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቼ በመስኮቱ ሥር ተሰብስበው አንድ ዘፈን ይሰማሉ። አንዱ ዘፋኟ አሜሪካዊት ናት ብሎ ይከራከራል። «የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ቲቸር፣ በዚያ ብርድ ጥርስ ይንቀጫቀጫል እንጂ መቼ ይዘፈናል?» አለኝ ያው ተከራካሪው። ደወሉ ተደወለና ሳልመልስለት ቀረሁ።

ዘፈኑ ሶል የሚባለው ዓይነት ነው። ሶል ጥቁር አሜሪካውያን ከቤተ ክርስቲያን መዝሙራቸው ያወጡት ዘፈን ነው፤ ዘፋኙ ቃሉን ይጎትተዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ቶሎ አይለቀውም። ይህን ማስረዳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘፋኟ ትርንጎ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት፤ እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው። ተማሪው ፊታቸው ያዜማል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲሳሳት መሬቱን በመቋሚያቸው መታ ያደርጋሉ። ሲያስተካክል «ቀጥል» ይሉታል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ትርንጎ ከግድግዳው ማዶ ምስር እየለቀመች ያን ሁሉ ስትሰማ አደገች።

እኔና እሷ የአንድ ሰፈር ሴት ልጆች ነን፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ለትምህርት ጎንደር ስንመጣ አንድ ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ አገራችን ሄደን እሑድ ድንች፣ ባቄላና የገብስ ዳቦ ተሸክመን እንመለሳለን። ከግቢው ጀርባ አንድ የሠርግ ባንድ ይለማመድ ነበር። ዘፋኛቸው አግብታ ስትሄድባቸው፣ ትርንጎ ድንች እየላጠች ስታንጎራጉር ሰምተው ለመኗት። ከትምህርት መልስ ትለማመድ ጀመር። ሌሎቹን ዘፈኖች እንደ ነገሩ ትዘፍናለች፤ ሶሉ ላይ ስትደርስ ግን ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ጣቶቹን አንስቶ ይሰማት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ባንዱ ጀርመን አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን በዓል እንዲጫወት ተጠራ። ትርንጎ አብራ እንድትሄድ ተፈለገች። እሷ ግን ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ «አባየ ሳይመርቀኝ አልሄድም» አለችኝ። «ብነግረው ደግሞ የሚመርቀኝ አይመስለኝም።»

እኔም መላ አመጣሁ። በአገራችን ከባድ ልመና በሽማግሌ ነው። የእናቴ ወንድም አያ በለጠ ሁለት ሰው ጨምረው እንዲሄዱልን ለመንኳቸው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ገብሱ እየታጨደ፣ መንገዱ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው በመሪጌታ በር ላይ ቆሙ። እኛ ከቤቱ ጓሮ ሆነን እንሰማለን።

«የኔታ፣ ልንለምንዎ መጥተናል» አሉ አያ በለጠ።

«ተቀመጡ እንጅ።»

«እሽ ሳይሉን አንቀመጥም።»

መሪጌታ፣ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሸጋ ልጅ ቢሆንም ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድርም» አሉ መሪጌታ።

ሴት ልጅ ካለበት ቤት ሦስት ሽማግሌ ሲቆም ሌላ ምን ይታሰባል? ይህን አስቀድመን አለማሰባችን እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የዚያን ቀን ግን ትርንጎ እጄን ጨምድዳ ይዛው ነበር።

«ኧረ ለጋብቻ አይደለም፣ የኔታ» አሉ አያ በለጠ።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ለዘፈን ነው።»

«በዕድሜየ ለዘፈን ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ አየሁ።»

«እኛም ጋብቻ ቢሆን ይቀለን ነበር» አሉ አያ በለጠ፤ ከዚያም ነገሩን አንድ በአንድ አስረዷቸው።

መሪጌታ ልጃቸውን ጠሯት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

«አንች ነሽ የላክሻቸው?»

«አዎ፣ አባየ።»

«ምነው ራስሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ።»

የፊታቸው ቀለም ተለወጠ። ከዘፈኑ ይልቅ ያቺ ቃል የከበደቻቸው ይመስለኛል። ከድንጋዩ መደብ ላይ ተቀመጡና፣ «በይ አሰሚኝ» አሉ።

ትርንጎ በእንግሊዝኛ ዘፈነች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት እንደሄደች መቋሚያው መሬቱን መታ።

«ቃሉን ከመሃሉ ተነፈስሽበት።»

ከመጀመሪያው ያዘች። መቋሚያው እንደገና መታ።

«ማለቂያው ላይ ቸኮልሽ። ማን ያባርርሻል?»

«የኔታ፣ እኛ አሁንም ቆመናል» አሉ አያ በለጠ። የሰማቸው ግን የለም።

እንደገና ስትዘፍን መቋሚያው ዝም አለ። ስትጨርስ መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ማለት ነው?» አሏት።

«አንዲት ሴት ናት፣ አባየ። የሄደባትን ሰው በሯን ሳትዘጋ ትጠብቀዋለች።»

«ትርጉሙን የማታውቂውን እንዳትዘፍኝ» አሉ። ቀጥለውም በቀስታ፣ «ቀጥዪ» አሉ።

ትርንጎ አለቀሰች። ያን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ከግድግዳ ማዶ ሰምታዋለች፤ ለእሷ ሲነገር ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

ባንዱ በዓሉን ተጫውቶ ሲመለስ እሷ የሙዚቃ ትምህርት አግኝታ እዚያው ቀረች። ለረጅም ጊዜ ከሌሎች ዘፋኞች ኋላ ቆማ አጀበች፤ ከዚያ የራሷን አልበም አወጣች፤ ዛሬ በየአገሩ ትላልቅ አዳራሾች ይሞሉላታል። እዚህ ደግሞ «የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነች» ያሉ ሰዎች ነበሩ። መሪጌታ የሚመልሱላቸው በጥያቄ ነበር፦ «ዜማዋን ሰምታችሁታል?»

መምህር ከሆንኩ ወዲህ ያን ቀን ደጋግሜ አስባለሁ። መሪጌታ እኛ የፈራነውን ያህል ከባድ አልነበሩም። ከዚያ በፊት ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ ሁለቱም ዜማ ይወዱ ነበር።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። በቤታችሁ የሚፈራችሁ ልጅ ካለ፣ የሚወደውን ነገር እንዲያሳያችሁ ዛሬውኑ ጠይቁት። እስኪጨርስ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ያልገባችሁንም ትርጉሙን ጠይቁት።