ጉልበት ላይ የቀረ ግንባር

የአንገት አጥንት ሰባት ነው፤ ከአንገት የሚወጣው ነርቭ ግን ስምንት ጥንድ። ደሴ ውስጥ ለነርስ ተማሪዎች ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ አንድ ሰው «አንዱ ከየት መጣ?» ይለኛል። እኔም ደስ እያለኝ እመልሳለሁ፦ የመጀመሪያው ነርቭ የሚወጣው ከራስ ቅልና ከመጀመሪያው አጥንት መካከል ነው። የታችኞቹ ወደ ክንድ ይወርዳሉ፤ ስድስተኛው አውራ ጣት ድረስ ይደርሳል።

የኔ ስድስተኛ ነርቭ ተይዞ ነበር። በአጥንቶቹ መሐል ያለው ዲስክ ሾልኮ ስለተጫነው ጠመኔ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ሐኪሙ አንገቴን በድጋፍ አስሮ «እንዳትጎነበስ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት የማገባት ልጅ አባት «ሽማግሌዎቹን ሰምቻለሁ፤ አሁን ልጁን ራሱን ልየው» ብለው ከኮምቦልቻ ላኩብኝ። እሳቸው ካልፈቀዱ ኒካህ የለም።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱ ላይ በታጠፈ ቁጥር አውራ ጣቴን ይነዝረኝ ነበር። ስገባ አባቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጎቷም አጠገባቸው። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ እንደ ግንድ ቆምኩ።

«ምነው፣ ቀንበሩን ሳይፈታ መጣ?» አሉ አጎቷ።

«ነርቭ ተይዞብኝ ነው። ከአንገት የሚወጡት ስምንት ጥንድ...»

«ልጄ፣» አሉ አባቷ፣ «ጉልበት የምትስምበት አንገት የለህም?»

ድጋፉን ፈታሁት። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ልል ስል እሳት ከማጅራቴ እስከ አውራ ጣቴ ወረደ። ግንባሬ እዚያው ቀረ።

አክብሮት መሰላቸው። እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው ዱዓ ጀመሩ።

«ያ ረቢ፣ ትዳራቸውን አሳምርላቸው!»

«አሚን!» አሉ አጎቷ።

«ጤናውን ስጣቸው!»

«አሚን!» አልኩ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።

ባልተነሳሁ ቁጥር ዱዓው ረዘመ፤ በረዘመ ቁጥር አንገቴ ደረቀ። ዱዓ ማቋረጥ ነውር ነው። ያልተወለዱ ልጆቻችን ተመረቁ፤ የእነሱም ልጆች ተመረቁ። እኔ የማየው የፍራሹን አበባ ብቻ ነበር።

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ተይዞ እኮ ነው!»

አባቷ እጃቸውን ከአናቴ አነሱ።

«እውነት ነው?»

«አዎ አባባ... ያንሱኝ።»

«እኔማ ምን ያለ አላህን ፈሪ መምህር ነው እያልኩ!» አሉ አጎቷ፣ በሳቅ እየታፈኑ።

አባቷ አልሳቁም። በብብቴ ይዘው አነሱኝ፤ ድጋፉንም ራሳቸው አጥብቀው አሰሩልኝ። ፊታቸውን ለማየት አንገቴ አይዞርም።

«አሚን የተባለበት ዱዓ አይመለስም» አሉ ከጎኔ። «ለኒካሁ ግን ድነህ ና።»