የሁሉ ጋቢ

ሾዴ በዕድሜው ኳስ መትቶ አያውቅም። እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ነው የዋለው። ሚስቱ ደሳለች፣ "የሱን እግር ከጉድጓድ አውጥተህ ሜዳ ላይ ብታቆመው የሽመና መርገጫ ፍለጋ ይዞራል" እያለች ጎረቤት ታስቃለች። ይሁንና በሽሮ ሜዳ ከሾዴ የባሰ የኳስ በሽተኛ አለ ብሎ የሚከራከር ቢገኝ፣ ያ ሰው ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ከሾዴ ጋር ተኳርፏል።

ከዶርዜ ተራራ ወርዶ አዲስ አበባ የገባው ጢም ሳያበቅል ነው። በመጀመሪያው እሁድ ዘመዶቹ ከቁስቋም በታች ወዳለው ሜዳ ይዘውት ወጡ። ሜዳ ይባል እንጂ ግማሹ ዳገት ነበር። እንግዳ ቡድን ሲመጣ "እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ ክብር ይገባችኋል" ተብሎ ሽቅብ እንዲጀምር ይደረጋል። ከእረፍት በኋላ ቁልቁል የሚጫወትበት ተራ ሲደርስ የሚሮጥበት ሳንባ የለውም። ሾዴ ይህን ተንኮል አይቶ ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅም ልቡ እዚያው ቀረ።

ቡድኑ "ሸማ" ይባል ነበር። ተጫዋቾቹ የሸማኔ፣ የባለሱቅና የእንጨት ነጋዴ ልጆች ናቸው። ግብ ጠባቂው ሙዘይን ነበር፤ ኋላ ጉልበቱ ሲከዳው ሱቅ ከፍቶ ከባንኮኒ ጀርባ መቆም ያዘ። "ድሮም መቆም ነው የማውቀው" ይላል። መለያቸው ሸማኔዎቹ የሠሩት ነጭ ጥጥ ነበር፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጥለት ያለው። ዝናብ ከነካው ከባለቤቱ ይከብዳል።

ሰፈሩ አንድ ወግ ነበረው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በፊት፣ ከየቤቱ አንዳንድ ልቃቂት ፈትል ይሰበሰባል። ክርስቲያኑም እስላሙም ያዋጣል። የደሳለች ፈትል ቀጭን ነው፣ የሙዘይን እናት የፈተሉት ደግሞ ገመድ ነው ማለት ይቀላል፤ ግን የማንም አይመለስም። ሾዴ ያንን ሁሉ አዋህዶ ጋቢ ይሠራል። "የሁሉ ጋቢ" ይሉታል። ጨዋታው ሲያልቅ የዓመቱን ጎበዝ ሜዳው መሀል አቁመው ያለብሱታል። ከዚያ ዶርዜዎቹ ሆታውን ያነሣሉ፦ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ይቀበላል፣ የቀረው ከሥር እንደ ንብ ያጉረመርማል። የዶርዜ ልጅ ያልሆነውም እያደር ለምዶት፣ ሜዳው አፍ አውጥቶ የሚዘፍን ይመስል ነበር።

እንዲህ እያለ አብዮቱ መጣ። ብዙ ነገር ሲፈርስና ሲሠራ አዲሶቹ ሹሞች ኳሷን የረሷት መስሎ ነበር፤ አልረሷትም። አንድ ቀን ስፖርት በየመሥሪያ ቤቱ ይደራጃል ተባለ። ከከተማው ወዲያ ማዶ ካለ የአቡጀዲ ፋብሪካ ሰዎች መጡና ከሸማ ቡድን ደህና ደህናውን መርጠው ወሰዱ። ለልጆቹ ሥራ፣ ጫማና ሰርቪስ ተሰጣቸው። ማን ይጠላል? እናቶቻቸው እልል አሉ። ሾዴም "ይቅናቸው" አለ። ቤቱ ገብቶ ግን ቀኑን ሙሉ የሽመናው መወርወሪያ ከእጁ ሲወድቅ ዋለ።

"ገበያዬን አቡጀዲ ሲወስደው ዝም አልኩ" አላት ደሳለችን። "አሁን ደግሞ እሁዴን ወሰደው።"

የዚያን ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ ሳይደረግ ቀረ። የሁሉ ጋቢ ግን አልቆ ነበር። የሚለብሰውም ታውቋል፦ ስብሐት፣ ፋብሪካው ከወሰዳቸው አንዱ፣ የእንጨት ሻጯ የባዩሽ ልጅ፣ ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ እንደ ድመት የምትለማመጠው። ጋቢው ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። የፈተሉት ሴቶች ሾዴን መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ "አለበስከው?" ይሉታል። "ገና ነው" ይላል። ከረመና አንገቱን ደፍቶ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረ። የሰው አደራ ነዋ! ሰፈሩ በቆመበት ስብሐት ትከሻ ላይ ካልወደቀ፣ ያ ጋቢ ለሾዴ የተሰረቀ ዕቃ ነበር።

በመጨረሻ ሙዘይንን ጎትቶ፣ ጋቢውን በብብቱ ይዞ የፋብሪካው ቡድን ወደሚጫወትበት ስታዲየም ወረደ። እዚያ በር ላይ የሸማኔ ስህተት ሠራ። ሾዴ ሰው የሚያውቀው በጥለት ነው። ነጭ ለብሰው አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ያሰሩ ደጋፊዎች ሲያይ፣ "የኛዎቹ እነዚህ ናቸው" ብሎ መሀላቸው ገብቶ ተቀመጠ። እነሱም በብብቱ ያለውን የጋቢ ጥለት አይተው ቦታ ለቀቁለት፣ ቆሎም አካፈሉት። ለካ ተቃራኒው ቡድን ነው! የፋብሪካው ቡድን ሰማያዊ ናይለን ለብሶ ብቅ አለ፤ የፋብሪካው ስም ደረታቸው ላይ ሞልቶ ጎናቸው ድረስ ዞሯል።

"ስብሐት የታለ?" አለ ሾዴ ዓይኑን አጥብቦ።

"ስሙ መሀል ተቀብሮ ይሆናል" አለ ሙዘይን።

ስብሐት ግብ ሲያስቆጥር ሾዴ ብድግ ብሎ ሆታውን ለቀቀው። ቆሎ ያካፈለው ጎልማሳ ቀና ብሎ አየው።

"አባቴ፣ እርስዎ የማን ነዎት?"

"የስብሐት ነኝ።"

"ታዲያ ቆሎአችንን ለምን በሉ?"

"ይቅር በሉት፣ ጥለት አሳስቶት ነው" አለ ሙዘይን፣ ሾዴን በኮቱ ጫፍ እየጎተተ።

በእረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ስለ ጨዋታው ሊናገር ነው ሲባል፣ ስለማይለቅና ስለማይሸበሸብ አቡጀዲ ተናገረ። ቀጥሎ ፋብሪካው ከዕቅዱ በላይ ማምረቱን አበሠረ።

"ኳስም በሜትር ተለክታ ልትሸጥ ነው" አለ ሙዘይን። "እኔ እንኳ ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልጮህም።"

ጨዋታው አልቆ ሾዴ አጥሩን ተደግፎ "ስብሐት!" ብሎ ተጣራ። ልጁ ሮጦ መጣ፤ ጉንጩን አገላብጦ ሳመው። ሾዴ በአጥሩ ላይ ጋቢውን ዘርግቶ ትከሻው ላይ ሊጥል ሲል አንድ ቦርሳ የያዘ የፋብሪካ ሰው ደረሰ።

"አባት፣ ፎቶ ልንነሣ ነው። የፋብሪካውን ስም ሸፈኑብን እኮ።"

ስብሐት ወደ ሰውየው አየ፣ ወደ ሾዴ አየ። "ጋሽ ሾዴ፣ እሁድ ጠዋት ሰፈር እመጣለሁ። እዚያው ሜዳው ላይ ያለብሱኛል። በእናቴ።"

ሾዴ ያን ሳምንት ሰው ሆነ። ሴቶቹን መንገድ ላይ እየጠራ "እሁድ ነው" አላቸው። ደሳለች ጋቢውን ፀሐይ አስመታችው። ቅዳሜ ማታ ላይ ግን የቀበሌው ጡሩምባ ዞረ፦ እሁድ ጠዋት ስብሰባ ነው፣ መቅረት ያስጠይቃል። በዚያ ዘመን "ያስጠይቃል" ሲባል ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ይሄዳል።

"ቀኑን ይለውጠው" አለች ደሳለች።

"እሱም የሰው ቅጥረኛ ነው፣ በምን ቀን ይለውጣል?"

እሁድ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ አዳራሽ ገባ። ሾዴ "ሆዴን ቆረጠኝ" ብሎ ቀረ። የፋብሪካው መኪና ሜዳው ዳር ቆመች፣ ስብሐት ወረደ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ልጁ ባዶውን ዳገት ዙሪያውን አየው።

"ሰው የለም እንዴ፣ ጋሽ ሾዴ?"

"ስብሰባ ናቸው። ና፣ መሀል ቁም።"

መሀል ቆመ። ሾዴ ጋቢውን አራግፎ ትከሻው ላይ አደረገለት፣ ጥለቱን አስተካከለ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ሆታውን አነሣ። ከላይ የሚቀበል የለም። ትንሽ ጠበቀና ራሱ ሮጦ ተቀበለ። ከሥር የሚያጉረመርመው ጠፋ። ስብሐት ሊያግዘው አፉን ከፈተ፣ ግን ቦታውን ሳተው፤ ድሮ እሱ የሚዘፈንለት እንጂ የሚዘፍን አልነበረም። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በሜዳው ሲያቋርጡ ቆም አሉ። አንዷ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ፣ "ሙሽራ ነው?" አለች።

"የለም፣ ኳስ ተጫዋች ነው" አለ ሾዴ።

"ኳሱስ የታለ?"

መኪናዋ ጡሩምባዋን ነፋች። ስብሐት ጎንበስ ብሎ የሾዴን ጉልበት ሊስም ሲል ሾዴ አነሣው፣ "ብርድ እንዳይመታህ፣ አታውልቀው" አለው። መኪናዋ እስክትታጠፍ በመስኮቱ አረንጓዴው ይታየው ነበር።

አዳራሹ ሲደርስ ተናጋሪው ገና አላበቃም። ሾዴ በጀርባ በር ሾልኮ ሙዘይን አጠገብ ተሸጎጠ። ደሳለች ከሴቶቹ መሀል ሆና በዓይኗ ጠየቀችው፣ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። እሷም ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷም ለሚቀጥለዋ በክርን ነካ ነካ እያደረጉ ወሬው በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሄደ።

"አለበስከው?" አለ ሙዘይን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

"አለበስኩት።"

"አማረበት?"

"አማረበት። ብቻውን አማረበት።"

ያኔ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የዘንድሮው ምርት ካምናው በእጥፍ እንደሚያድግ አወጀ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሸማኔው፣ ፈታዩ፣ ባለሱቁ፣ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሾዴም ተነሣ። ዓይኑን ጨፈነና ለስብሐት አጨበጨበ። ሌላው ሰው ተቀምጦ፣ ሙዘይን ኮቱን እስኪጎትተው ድረስ፣ እሱ እንደቆመ ነበር።