በሐኪም ፊት እፍ ማለት

ጎንደር ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሐኪም የእህል አቧራ ሳንባ ያደርቅ እንደሆነ ያጠና ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ አሥራ አንድ እህል ነጋዴዎች ሄድን፤ እኔ ሰባተኛ ሆኜ ገባሁ። ትንፋሽ እንዲለካ ውሃ ላይ በአፉ ወደተደፋ ቆርቆሮ በቱቦ ሦስት ጊዜ እፍ አልሁ፤ ቆርቆሮው ብዙም ከፍ አላለ። የሐኪሙ ፊት ጠቆረ።

የሐኪሙ ረዳትና አስተርጓሚ የሆነው ድሬሰር፣ "አያ ተገኘ፣ የሳንባዎ ግማሹ ደርቋል ይላል" አለኝ።

ስምንት ልጆቼን በልቤ ቆጠርኋቸው።

"ምነው ቀስ ብለው ነፉት?" አለኝ ድሬሰሩ።

"እንግዳ ሰው ፊቴ ቆሞ ትንፋሼን ልልቀቅበት? ነውር አይደለም?"

ድሬሰሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተረጎመ። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ያኔ ያለኝን ሁሉ ነፋሁ፤ ቆርቆሮው ዘልሎ ውሃው ሐኪሙ ላይ ተደፋ።

ጀርባው እየተንጠባጠበ አንድ ነገር ተናገረ።

ድሬሰሩ፣ "ጤነኛ ነዎት፤ አሁኑኑ ይውጡልኝ ይላል" አለኝ።