አያቴ እምቢ ያላት ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ ከባምባሲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የበቆሎ እሸት በሚደርስበት ወራት አመሻሽ ላይ ጓሯችን ውስጥ እሳት ይነድ ነበር። እሳቱን የሚያነደው አያቴ ነው። እኛ በኦሮምኛ «አካኮ» እንለዋለን። በወጣትነቱ ከወለጋ መጥቶ እዚህ መሬት ያቀና፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ የሆነ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ዝናብ የነካው እንጨት ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ በቆሎው ፍም ላይ ጠሽ ጠሽ እያለ፣ በረንዳው ላይ በተሰቀለው ፋኖስ ዙሪያ አሸን እየተራኮተ፣ እኛ ልጆች ከቀርከሃ አጥሩ ሥር ተጠጋግተን እንቀመጥና አፉን እንጠብቃለን። ያኔ ተረት እንደ እራት በየቀኑ የሚመጣ፣ የሚቀርበት ምክንያትም የሌለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የጎረቤታችን የሃሩን ልጅ ዘይነብም ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። ሃሩን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ማሳው ከአጎቴ ከገመቹ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ዘይነብ ኦሮምኛ ስለማትሰማ፣ እኛም የእሷን ቋንቋ ስለማንችል፣ አካኮ ተረቱን የሚነግረን በአማርኛ ነበር። አማርኛው ሴቱንና ወንዱን ያቀላቅላል። አንዱ ጅብ በአንድ ተረት ውስጥ «መጣች» ይባልና ትንሽ ቆይቶ «ሄደ» ይባላል። ማንም ግድ አልነበረውም።

ከሁሉም ደጋግሞ የነገረን ብቻውን ስለሚኖር ሰውና ስለ አንድ ጅብ ነው። ጅቡ ሲመሽ መጥቶ ከደጅ ይቆምና «ክፈትልኝ» ይላል። ሰውየው «አልከፍትም» ይላል። በማግስቱ ጅቡ ይመለስና «እሺ፣ አትክፈት፤ ብርድ ነው፣ ብቻ አጫውተኝ» ይላል። ሰውየው ማውራት ምን ይጎዳል ብሎ በሩን እንደዘጋ ያጫውተዋል። ስለ ጎረቤት ያወራሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ማን ማንን እንደበደለ ያወራሉ። ሰውየው የጅቡን ድምፅ እየለመደው ሄደ። ሲመሽ ጆሮውን ከበሩ አስጠግቶ መጠበቅ ጀመረ። አንድ ቀን ጅቡ ዝም አለ። ሰውየው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በመጨረሻ «ዛሬስ ምን ነካው?» ብሎ መወርወሪያውን ራሱ ስቦ ወጣ።

አካኮ እዚህ ላይ ሲደርስ በቆሎውን ያገላብጣል። ከዚያ «ጅቡ ውስጥ ነበር ወይስ ውጭ?» ይለናል። «ውጭ!» እንላለን። «እንግዲህ ሰይጣንም እንደዚያ ነው» ይላል። «እጅ የለውም፤ አፍ ብቻ ነው ያለው። እጁን ከሰው ነው የሚዋሰው። ፈጣሪ ለሰው ፈቃዱን ሰጥቶታል፣ ማንም አይነጥቀውም። ሰይጣን የሚያገኘው ሰው ራሱ ሲያውሰው ነው።»

እኔ ይህን ሁሉ የምሰማው ስለ ጅብ ነበር።

አጎቴ ገመቹ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከመዘምራኑ መካከል ወፍራሙ ድምፅ የእሱ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ሆነን እንኳ ለይተን እንሰማው ነበር። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ እኔንና ዘይነብን በሁለት ትከሻው ተሸክሞ ያሻግረን ነበር። ይህን የምናገረው ክፉ ሰው እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በእሱና በሃሩን ማሳ መካከል ባለች ጠባብ መሬት ነው። ገመቹ የማንጎ ችግኝ ተክሎባት ነበር። ሃሩን ደግሞ መሬቷ ከአባቱ ጀምሮ የእነሱ እንደሆነች ተናገረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ድንበሩን ዞረው አይተው ለሃሩን ፈረዱ። ገመቹ በአፉ ተቀበለ። ከሃሩን ጋር ተጨባብጦ፣ አብረው በልተው ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ እሳቱ መምጣት ተወ። ሲመሽ ከቤቱ ኋላ ብቻውን ይቀመጣል። ሚስቱ እራት ስትጠራው አይሰማም። አንዳንዴ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ይመስል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከማሳ ሲመለስ መንገዱ ባይሆንም በዚያች መሬት በኩል ዞሮ ይመጣል። መዝሙርም ቀረ። አካኮ ይህን አይቶ አንድ አመሻሽ ከእሳቱ ተነስቶ ወደ እሱ ሲሄድ ተከተልኩት።

«ገመቹ» አለው፣ «ከዚህ ነገር ጋር መነጋገሩን ተው።»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ አባ? ሰው ነካሁ? ሰደብኩ?»

«አላደረግህም።»

«ታዲያ? ማሰብም ተከለከለ?»

አካኮ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም መቆሙ ሰልችቶኝ ወደ በቆሎዬ ተመለስኩ።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃሩን መሬቷን ሊያርስ ችግኞቹን ነቀለ። ገመቹ ከገበያ ሲመለስ ደረሰበት። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም። በእጁ የመጥረቢያ እጀታ ነበር፤ ገና ከገበያ የገዛው፣ ብረት ያልገባበት እንጨት። ሃሩንን አንድ ጊዜ ራሱ ላይ መታው። ሰዎች ደርሰው በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያም ወደ አሶሳ ይዘውት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈ። ገመቹ ራሱ ወደ ፖሊስ ሄዶ እጁን ሰጠ። ለፖሊሱም፣ ለአባቴም፣ ለጠየቀው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «ሰይጣን አሳሳተኝ።»

ከአጥሩ ማዶ የዘይነብ እናት ጩኸት ይሰማ ነበር፤ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው።

ደም ደምን እንዳይጠራ ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተመርጠው ከወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። የገዳይ ወገን ሕፃን ሳይቀር ቀርቦ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ ስለተባለ፣ እኛ ሁላችን ምንጣፍ ሳይነጠፍልን መሬት ላይ ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን የሃሩን አባት ሼክ ኢድሪስ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ዘይነብ በመካከላቸው ስላልነበረች በልቤ ደስ አለኝ፤ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው ተነስቶ እንደ ወጉ ጀመረ። «ጎረቤታሞች ነበሩ፣ ወንድማማቾች ነበሩ። በመካከላቸው የገባው ሰይጣን ነው። ልጁን ያሳሳተው ሰይጣን ነው። ሰይጣንን እንርገም፣ ለሰው ይቅር እንበል።» ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ አካኮ ዞሮ፣ «እርስዎም ይበሉ» አለው። የገዳዩ አባት «ሰይጣን ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ ተንበርክኮ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት።

አካኮ ኮፍያውን አወለቀ፣ ተንበረከከም። ቃሉን ግን አልደገመም።

«ይህን ከእኔ አትጠብቁ» አለ። አባቴ የኮቱን ጫፍ ሲጎትተው አየሁ። «ሰይጣን አልነበረም አልልም። ነበረ። ስንት ወር ሙሉ ከልጄ ጋር ሲያወራ አይቻለሁ። እንጨቱን ያነሳው ግን ልጄ ነው። መተው ይችል ነበር። ለሰይጣን ካስረከብኩት ልጄ ምን ይቀረዋል? ሰይጣን ንስሐ አይገባም። ገመቹ ግን መግባት ይችላል። ያንን አልወስድበትም። ሼክ፣ ልጅህን የገደለው ልጄ ነው። ይቅር በለኝ የምልህ ስለ እሱ ነው።»

ከእኛ ወገን አንዱ «ሽማግሌው አበደ» ብሎ በኦሮምኛ ሲያጉተመትም ሰማሁ። እኔም ሁሉ ነገር የተበላሸ፣ አሁን የሚገድሉን መሰለኝ።

ሼክ ኢድሪስ በተሰባበረ አማርኛቸው ተናገሩ። «ሁሉ ሰው እኔ ጋ መጣ፣ ሸይጣን ነው፣ ሸይጣን ነው አለኝ። እኔ ሸይጣን ቤት ሄጄ ምን እላለሁ? ሸይጣን ልጅ የለው፣ አባት የለው። ይሄ ሰውዬ ግን ልጄ ነው አለ።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ሸይጣን ይቅርታ የለውም። ሰው ግን አለው። ከእኔ ቤት ማንም እጅ አያነሳም። አላህ ይስማ።»

እርቁ በዚህ ጸና። ሰው ሁሉ አካኮን ያመሰግናል ብዬ ነበር፤ አላመሰገነውም። ገመቹ አባቱ የተናገረውን እስር ቤት ሆኖ ሰማ። «ሁሉም ሸፍኖኝ ሳለ አባቴ ራቁቴን አወጣኝ» አለ ተባለ። ከዚያ በኋላ አካኮ ሊጠይቀው ሲሄድ አልወጣለትም።

አካኮ ግን መሄዱን አልተወም። ትንሽ ከፍ ስል አንዳንዴ አብሬው በሚኒባስ ገመቹ ወደታሰረበት ወደ አሶሳ እሄድ ነበር። ምግቡን በፌስታል ቋጥሮ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ጠባቂው የገመቹን ስም ጠርቶ ይገባና ይመለሳል። «አልወጣም ይላል፣ አባቴ» ይለዋል በትሕትና። አካኮ «ምግቡን ይቀበላል?» ብሎ ይጠይቃል። «ይቀበላል» ሲባል ራሱን ነቅንቆ ወደ መናኸሪያው ይመለሳል። አንድ ቀን ስንመለስ ልቤ ስለሞላ ጠየቅሁት።

«አካኮ፣ ለምን ሰይጣን ነው አላልክም? ብትል ምን ነበረበት?»

አልተቆጣኝም። በመስኮቱ ወደ ቀርከሃው ጫካ እያየ፣ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ሴት ልጄ ማለቱ ነው። «ያልኩት እውነት ነው። ዛሬም እላለሁ። ግን ስናገር ሁሉም ዝም ብሎ ሲሰማኝ፣ ልቤ ውስጥ ትንሽ ደስ ያለኝ ይመስለኛል። እውነተኛ ሰው ነኝ ያልኩ ይመስለኛል። ያንን ደስታስ ማን አስገባው? ለልጄ ብዬ ነው የተናገርኩት ወይስ ለራሴ? ይህን ነው በየቀኑ የምጸልየው።»

ያኔ አልገባኝም። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ራሱን ሲፈራ ማየት ብቻ አስፈራኝ።

የዘይነብ እናት ልጆቿን ይዛ ወደ ወገኖቿ ወደ መንጌ ሄደች፤ አጥሩም ወደቀ። አካኮ እሳት ማንደዱን ተወ። እኛ ልጆች ለምነነው አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ተረቱን ጀምሮ ግን መሐል ላይ ይረሳዋል፣ ወይም የረሳ ይመስላል። ከዚያ የበቆሎው ወራት መጥቶ ሲሄድ ማንም አላስታወሰውም። አካኮ በደረት ሕመም ሳያስቸግር አረፈ። ለገመቹ እንዲነገረው አባቴ ሄደ፤ ገመቹ ለአባቴ ወጥቶለት፣ ሰምቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

አሁን አሶሳ ውስጥ አስተምራለሁ። ዘይነብን አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ አግኝቻታለሁ፤ ልጅ አዝላ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆመን ስለ ልጆቻችን ተጠያየቅን። ስለ አባቷ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ስንለያይ እጄን ጠበቅ አድርጋ ለቀቀችው።

ገመቹ በአመክሮ ተፈትቶ የመጣው ሽበት ወርሶት ነው። የአካኮን መቃብር እንዳሳየው ለመነኝ፤ አብረን ሄድን። ሣሩ በቅሎበት ስለነበር ተንበርክኮ በእጁ ይነቅል ጀመር። ሲነቅል ቆየና፣ ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«ምግብ ይዞ ሲመጣ አየው ነበር። ከግቢው በር አጠገብ ቀዳዳ አለች። ሲመለስ ጀርባውን አያለሁ። እየጎበጠ ሲሄድ አያለሁ። ልጠራው እፈልግ ነበር።»

«ታዲያ ማን ከለከለህ?» አልኩት።

እንደ ድሮው «ሰይጣን» ብሎ የሚመልስ መስሎኝ ነበር። የነቀለውን ሣር ከመቃብሩ ዳር አስቀመጠ።

«ማንም» አለኝ። «እኔ ነኝ።»

ክፉ ነገር ወደ ሰው ልብ እንዴት እንደሚደርስ፣ የእሱ ድርሻ የት አልቆ የእኛ የት እንደሚጀምር፣ ስብከት ብሰማም መጽሐፍ ባነብም እስከ ዛሬ በወጉ አላውቀውም። ያንን ቀን ግን አስታውሳለሁ። አያቴ ያን ሁሉ ዓመት በሚኒባስ የተመላለሰው ይህችን አንዲት ቃል ከልጁ አፍ ለመስማት ነበር። ስትነገር የሰማኋት እኔ ነኝ። እሱ አልነበረም።