አባቴ የተነፈሰባት ከተማ

ባለፈው ሳምንት በጠዋቱ ልደታ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ሦስት አራት ደረጃ ይወጡና ቆም ይላሉ፤ አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ ጣል አድርገው፣ የሚያውቁት ሰው የሚፈልጉ ይመስል ቁልቁል ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ከዚያ እንደገና ሦስት አራት ደረጃ። የሚፈልጉት ሰው እንደሌለ ወዲያው ገባኝ። ትንፋሽ አጥሮት ማንም እንዳያውቅበት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። አባቴ እንዲሁ ነበር።

አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከወሎ በልጅነቱ ወጥቶ፣ ብዙ ቦታ ዞሮ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ አብነት የሰፈረ ሰው ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ የፊተኛዋ የልብስ መስፊያው፣ የኋለኛዋ የእኛ። የሲንጀሩን ድምፅ እየሰማን እንተኛለን፣ እየሰማን እንነሳለን። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ከሲንጀሩ ድምፅ ጋር ሌላ ድምፅ ይጨመራል፤ የአባቴ ደረት ፉጨት። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ጠዋት ለጤነኛው ደስ ይላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይዋም ስትወጣ ታሞቃለች። አስም ላለበት ሰው ግን ያ ብርድ ቢላ ነው። ያን ዓመት በተለይ ባሰበትና ሐኪሙ፣ «ብርዱ እስኪያልፍ ቆላ ወርደህ ቆይ» አለው።

አባቴ በወጣትነቱ ሙያውን የተማረው ድሬዳዋ ስለነበር እዚያ የሚቀበለው የድሮ ጓደኛ ነበረው። እናቴ ትንንሾቹን ትታ መሄድ ስለማትችል አብሬው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከናዝሬት አልፌ አላውቅም። በደስታ መዝለል ነበረብኝ፤ እኔ ግን የደበቅሁት ነገር ነበረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄያለሁ። ለቤተሰቦቼ ግን «አልፌያለሁ፤ የኮሌጅ ጥሪ እየጠበቅሁ ነው» ብዬ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ አሁንም በደንብ አላውቅም። ውጤቱን ይዤ ስገባ አባቴ መቀሱን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱን ሳይ ውሸቱ በራሱ ጊዜ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው» ማለት ጀመረ። ይባስ ብሎ ከአንድ ሀብታም ደንበኛ ከተረፈ ግራጫ ሱፍ ኮት ሰፋልኝ። «ኮሌጅ ስትገቢ የምትለብሽው» አለኝ።

ለጉዞው ሻንጣ የተዋስነው ከጎረቤታችን ከወይዘሮ አስናቀች ነው። እናቴ ለሁለት ቀን ስታጭቅ ሰነበተች። ጋቢ፣ ሁለት ሹራብ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለአስተናጋጆቻችን በርበሬና የተነጠረ ቅቤ። ወይዘሮ አስናቀች ከልደታ ማርያም ሲመለሱ የደረት ቅባት ይዘው መጡና፣ «ይቺንም ጨምሩ፤ ልደታ ትከተላችሁ» አሉ። ሻንጣው አልዘጋ አለ። እኔና እህቴ ላዩ ላይ ተቀምጠንበት እንኳ አልዘጋም። እኔ ደግሞ ቤት ትቼው ብሄድ እናቴ ታገኘዋለች ብዬ የውጤቱን ወረቀት በልብሶቼ መሃል፣ ከታች ደብቄያለሁ።

አባቴ ትግላችንን ሲያይ ቆይቶ፣ «እስቲ ተዉት፤ ይኼ የእኔ ሥራ ነው» አለ። ሁሉንም አውጥቶ ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። እኔ በዚያች ሰዓት ውኃ ልቀዳ ተልኬ ነበር። ስመለስ ሻንጣው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ አባቴም ሻዩን እየጠጣ ነው። የሰፋልኝ ኮት ሳይቀር ገብቷል። «ለበረሃ ኮት ምን ያደርጋል?» ብላ እናቴ ሳቀችበት። እሱ ሻዩን ፉት አለ።

ገና ሳይነጋ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳን። አዋሽ እስክንደርስ ጉዞው ግሩም ነበር። መተሐራ ላይ መስኮት በመስኮት የሚሸጠውን ሸንኮራ ገዝተን እየላጥን ስንበላ አባቴ እንደ ልጅ እጁን ጭማቂ አልብሶ ይስቃል። አሰበ ተፈሪን አልፈን ተራራውን ስንያያዘው ግን ጉም ወረደ። ብርዱ ከአዲስ አበባም የባሰ ሆነ። የአባቴ ፉጨት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ የሚያይ መሰለ። ቆይቶ ከፊቱ ያለውን ወንበር በሁለት እጁ ጨመቀ። ከንፈሩ ጠቆረ።

የያዝነውን መድኃኒት ሰጠሁት፤ ቶሎ አልሠራለትም። ከኋላችን የተቀመጠች ወፍራም ነጋዴ ሴት ተነሥታ መጣችና ጋቢውን ከደረቱ ላይ አላላችለት፤ ጀርባውንም ደግፋ ወደ ፊት ጎንበስ አደረገችው።

«አቦ አትደንግጪ አንቺ ልጅ» አለችኝ። «የደንገጎን ቁልቁለት እስክንወርድ ነው። እኔ ባሌን ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ አመላልሻለሁ።»

እጁን ይዤ ስንቱን አሰብኩ። ከሁሉም በላይ ያሰብኩት ግን ይኼን ነበር፦ አባቴ እዚህ ጉም ውስጥ ቢሞት፣ ኮሌጅ የምትገባ ልጅ አለችኝ ብሎ ነው የሚሞተው። ውሸቴን ይዞ ሊሄድ ነው። አላህ ካተረፈልኝ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ላይ አውቶቡሱ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ጉሙ ከኋላችን ቀረ። በእያንዳንዱ ጥምዝ አየሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ለብ አለ፤ ከዚያ ሞቀ፤ ከዚያ የደረቀ አፈርና የግራር ሽታ ያለው ትኩስ ነፋስ በመስኮቱ ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን እየከፈተ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። አባቴ ጋቢውን አወለቀ። ሹራቡን አወለቀ። ቀጥሎም ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ የምታንጸባርቀውን ከተማ እያየ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ፉጨት አልነበረውም። ነጋዴዋ ከኋላ፣ «አላልኩሽም?» አለችኝ።

የአባቴ ጓደኛ ጋሽ አብዱላሂ ብስክሌት የሚያከራዩና የሚጠግኑ ቀጭን ሰው ነበሩ። «አቦ ሰይዴ! አረጀህ እንዴ?» ብለው አቀፉት። የሳቸው ራስ ግን ከአባቴ ይልቅ ነጭ ነበር።

ድሬዳዋ ለእኔ ሌላ ዓለም ሆነችብኝ። ጠዋት ፉልና ትኩስ ሳምቡሳ፣ ማታ ማታ በስኳር የራሰ ሙሸበክ። ያረጁ ፔጆ ታክሲዎች እየተንኳኩ ያልፋሉ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋና ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ የአብነት ሰው ቢያይ ለቅሶ አለ ብሎ ይደነግጣል። ታኅሣሥ እዚያ ደግ ወር ነው፤ ፀሐይዋ ትሞቃለች እንጂ አታቃጥልም። እናቴ የጫነችን ሹራብ ከሻንጣው አልወጣም። አባቴ ግን በየቀኑ ወዝ እያወጣ፣ ጀርባው እየተቃና ሄደ።

በሳምንታችን አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ አብዱላሂ አንድ ብስክሌት እየገፉ መጡና፣ «አሁንም ትችላለህ ወይስ ረስተኸዋል?» አሉት። አባቴ ሱሪውን ወደ ካልሲው ከተተና ተፈናጠጠ። ከአብነት ልደታ ለመድረስ አምስት ጊዜ የሚቆመው ሰውዬ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር እንደ ጎረምሳ በረረ። ደወሉን እያንቃጨለ ተመልሶ ሲመጣ ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን ይተነፍሳል። አንዴም ደረቱ አላፏጨም፣ አላሳለውም።

«ነይ አሁን ደግሞ አንቺ» አለኝ።

ኮርቻውን ከኋላ ይዞልኝ ሲሮጥ፣ ሲለቀኝ፣ ስወድቅ፣ ጉልበቴ ተላጠ። መንገዱ ዳር ተቀምጠን በመሐረቡ አቧራውን ሲያራግፍልኝ እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሎት ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ።»

«ስለ ውጤቱ ነው?» አለ ቀና ሳይል።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረህ?»

«ሻንጣውን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? እንግሊዝኛ ባላውቅም ኤፍ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

መሐረቡን አጣጠፈ። እሱ ምንም ነገር ሳያጣጥፍ ኪሱ አይከትም። «እኔ ብጠይቅሽ ተያዝሽ ማለት ነው። አንቺ ስትነግሪኝ ግን ነገርሽኝ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።» ሳቅ አለ። «ደግሞስ እኔ ምን ልናገር እችላለሁ? መንገድ ላይ ቆም እያልኩ ሱቅ የማየው ሱቅ ወድጄ መሰለሽ? ስንት ዓመት እናትሽን ‹ደህና ነኝ› እያልኩ ዋሽቻለሁ።»

«ደንበኞቹን ሁሉ ምን ልትላቸው ነው?»

«ምን እላለሁ? ደግማ ትፈተናለች እላለሁ። ስንቱን ኮት አበላሽቼ ፈትቼ ሰፍቻለሁ፤ ለደንበኛው የምሰጠው የመጨረሻውን ነው።»

የዚያን ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ብስክሌቱን አልለቀቅኩም። ከመጨለሙ በፊት ሳልወድቅ አንድ ዙር ዞርኩ፤ አባቴና ጋሽ አብዱላሂ ጎን ለጎን ቆመው አጨበጨቡልኝ።

አምስት ሳምንት ቆይተን ተመለስን። እኔ በሚቀጥለው ዓመት በግል ተፈትኜ ኮሌጅ ባያስገባኝም ለጽሕፈት ሥራ ሥልጠና የሚበቃ ውጤት አመጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ልደታ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አባቴም ከዚያ በኋላ በየታኅሣሡ ሳይደብቅ፣ ሳያፍር፣ «ልተነፍስ ልሄድ ነው» እያለ ወደ ድሬዳዋ መውረዱን ቀጠለ። ከተማዋ ብዙ ታኅሣሦችን አተረፈችለት።

አሁን እኔ ራሴ የጎረምሳ እናት ነኝ። ልጄ ካለፈው ወር ጀምሮ ዝም ብሏል፤ ራቱን ቶሎ ቶሎ ይበላና ክፍሉ ይገባል። አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ስልኩን ልፈትሽ፣ ጓደኞቹን ልጠይቅ ስል ነበር የሰነበትኩት። ሽማግሌውን ባየሁበት ቀን ማታ ግን እንደ አባቴ ራሱ እስኪነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ይህን ሁሉ ተውኩትና በሩን አንኳኳሁ።

«እሑድ እንጦጦ አብረን እንውጣ?» አልኩት።

ለምን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ አየኝና፣ «እሺ» አለ።