በቅጂው ውስጥ የገባው ድምፃችን

ወንድሜ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲሄድ እናቴ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤ እንዳይጽፍላት። ማንበብ አትችልም፤ የልጇን ቃል ሌላ ሰው እያነበበላት መስማትም አትፈልግም። "ድምፅህን ላክልኝ" አለችው። እሱም ካሴት ላይ እያወራ፣ ለእረፍት በሚመጡ ተማሪዎች እጅ ይልክላት ጀመር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ አሰላ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እሷና እኔ ነበርን። ከሥራ ስመለስ ብዙ ጊዜ ጋቢዋን ተከናንባ ቴፑ አጠገብ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እሱ "እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?" ሲል "ደህና ነኝ ልጄ" ብላ ትመልስለታለች።

ካሴቶቹን የምታስቀምጠው በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ምንም አልተጻፈባቸውም። የትኛው ቀድሞ እንደመጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ብትሆን በቀለማቸውና በሽፋናቸው መሰንጠቅ ነው የምትለያቸው። ከሁሉም የምትወደው ግን ከውጭ የመጣ አልነበረም። ወንድሜ ሊሄድ ሲል፣ የመሸኛው ምሳ ዕለት፣ እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ የተቀዳ ነው።

አንድ ቀን ቴፑ ከካሴቶቹ የአንዱን ክር በላው። እናቴ ጮኸች፤ ጩኸቷ ሰው የሞተ ነበር የሚመስለው። ክሩን ቀስ ብዬ ከውስጥ አላቀቅኩና በእርሳስ እያዞርኩ መልሼ አጠነጠንኩት። መሃሉ ተጨማዶ ስለነበር ግን ወንድሜ እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ከውሃ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። ያለ ካርቦን ወረቀት አልመታም ነበር፤ ዋናው ለሚመለከተው ይሄዳል፣ ቅጂው ፋይል ውስጥ ይገባል። "ለምን አንገለብጣቸውም?" አልኳት እናቴን። "ለሁሉም ቅጂ እናወጣለን፣ ቁጥር እጽፍባቸዋለሁ፣ ቅጂውን እየሰማሽ ዋናውን ታስቀምጫለሽ።"

"ሙዚቃ ቤት ልትወስጂያቸው ነው?"

"እዚያ በቶሎ ይገለብጡልናል።"

"አይሆንም። የልጄን ወሬ የማላውቀው ሰው አይሰማውም" አለች። እውነትም ወንድሜ አንዳንዴ ስለ ዳቦ ሰልፉም ስለ ብርዱም እንዳመጣለት ያወራል፤ ያ ዘመን ደግሞ ሰው ከአፉ የሚወጣውን የሚመርጥበት ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ መገልበጥ አለብን፤ ለዚያ ደግሞ ሁለተኛ ቴፕ ያስፈልጋል።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ቴፕ ነበራቸው። የኦጎልቾ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ልጃቸውና ወንድሜ አብረው ያደጉ፣ አብረው የተማሩ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። ለወንድሜ የውጭ ትምህርት ሲደርሰው ለእሱ ብሔራዊ ውትድርና ደረሰውና ወደ ሰሜን ተላከ። መጀመሪያ አካባቢ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ከዚያ ዝም አለ።

እትዬ የእሱ ድምፅ ያለበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም፤ የእኛ የመሸኛ ካሴት ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ልጃቸው እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ሆኖ የምሳውን ገበታ ያስተላልፋል፤ ማን ሥጋ እንዳነሣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተሻማ። ሰው ይስቃል። ቀጥሎ ወደ አጥሩ ዞሮ በኦሮምኛ እናቱን ይጣራል፤ ዛሬ እዚህ ነው የምበላው፣ አትጠብቂኝ ይላቸዋል። እትዬ እሱን ሊሰሙ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይመጡ ነበር። ሰምተው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ።

ቴፑን ስጠይቃቸው ዓይናቸው በራ። "ውሰጂ ልጄ፤ እስክትጨርሺ ይቀመጥ። ለእኔም ያንን አንዱን ትገለብጭልኛለሽ አይደል?"

"እንዴታ፣ እትዬ!"

ሁለቱን ቴፖች ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ ከሥር ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ መስኮቱን ዘግተን ጀመርን። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው እናቆማለን። መጀመሪያ ላይ እኔና እናቴ ትንፋሻችንን እንኳ እንቆጥብ ነበር፤ ሳል ሲመጣባት ወደ ጓሮ ትሮጣለች። እያደር ግን ለመድነው። የመሸኛውን ካሴት ለእትዬ ስንገለብጥ እናቴ ትሪ ላይ ምስር ትለቅም ነበር፣ እኔ ደግሞ ሹራብ እሠራለሁ። በሹክሹክታ ስለነበር አይቀዳም ብለን ነው መሰለኝ፣ ወይም ጭራሽ ረስተነው ማውራት ጀመርን።

ሲያልቅ መጀመሪያውን ብቻ ከፍቼ ሰማሁ። የወንድሜ ድምፅ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። እትዬ ደግሞ አጥሩ ጋ ቆመው "አለቀልሽ ወይ?" እያሉ ነው። ለራሳችን የሚሆን ባዶ ካሴት አልተረፈንም ነበር፤ ካሴቱንም ቴፑንም አቀበልኳቸው። ካሴቱን ሳሙት።

በዚያው ሰሞን ከኦጎልቾ ዘመዶቻቸው መጡና እኛንም ለምሳ ጠሩን። ሳሎኑ ሙሉ ነበር፤ አክስቶች፣ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች። አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም። ከምሳ በኋላ እትዬ ቴፑን መሃል አስቀምጠው "የልጄን ድምፅ ላሰማችሁ" አሉና ከፈቱት።

ልጁ መናገር ሲጀምር አንዷ አክስት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገበታውን እንደ ኳስ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ያልገባቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሮ ሊጣራ ሲል፣ ከእሱ ድምፅ በላይ፣ በጣም ቀርቦ፣ እናቴ ስትናገር ተሰማ።

"ወይ እኔ! በየቀኑ እየመጣች ታለቅሳለች። የገዛ ልጄን ድምፅ እንኳ ደስ ብሎኝ ልሰማው አልቻልኩም።"

"ምን ታድርግ፣" የእኔ ድምፅ ነው፣ "ግን እኮ ቢኖር እስካሁን ይጽፍ ነበር። አንድ ሰው ደፍሮ ቢነግራት ይሻላል።"

"እኔ አልነግራትም። ደግሞ ቴፑ አለ። እሱን እስክንጨርስ ችዬ ዝም ነው የምላት።"

ከዚያ ምስሩ ትሪው ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ከሥሩ፣ ከሩቅ፣ ልጁ እናቱን ሲጣራ።

እጄን ዘርግቼ መዝጋት እችል ነበር፤ ከቴፑ ሩቅ አልነበርኩም። እናቴን ለማየት አልደፈርኩም። የእትዬ ባለቤት አንገታቸውን ደፍተው የገዛ ጉልበታቸውን ያያሉ፤ አማርኛ ጥርት አድርገው የሚሰሙ ሰው ናቸው። አንዷ አሮጊት ወደ እትዬ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ይቺ ሴትዮ ምን እያለች ነው?

እትዬ ቴፑን እያዩ ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ፣ በረጋ ድምፅ "የጓደኛው እናት ናት፤ ልጄን እየመረቀችው ነው" አሉ።

"አሚን" አሉ አሮጊቷ። "አሚን፣ አሚን" አለ ቤቱ በሙሉ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ዳሰሱ። አንዷ አክስት ተነሥታ መጥታ የእናቴን እጅ ሳመች። እናቴ አሰላ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ኦሮምኛውን እንደ እኔው ትሰማለች። እጇን አልሰበሰበችም። የተሳመውን እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታየው ነበር።

እንዴት እንደተሰናበትን አላስታውስም። እትዬ እስከ በሩ ሸኙን፤ እንግዳ እንደሚሸኝ ሁሉ።

ቤት ገብተን እናቴ ጋቢዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አንቺ ነሽ ቢኖር ኖሮ ያልሽው" አለችኝ።

"አንቺ አይደለሽ ስለ ቴፑ ያወራሽው?"

ሁለታችንም ሰውን ማየት አስጠላን። ውሃ ለመቅዳት እንኳ የእትዬ በር እስኪዘጋ እጠብቅ ነበር። እሳቸውም አልመጡም። እናቴ ያንን ካሴት መክፈት ተወች።

ሳምንት ያህል ሳይቆይ አንድ ጠዋት ቆርቆሮውን ከፍታ የመሸኛውን ካሴት አወጣች። ዋናውን። በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችውና "ተከተዪኝ" አለችኝ። እትዬ ጓሮ ገብስ ያሰጡ ነበር። እናቴ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ካሴቱን ዘረጋችላቸው።

"እንኪ። ዋናው ነው። ያኛውን ስጪኝ።"

"ያንቺስ ልጅ ድምፅ?"

"እኔ ልጄ ሌላ ይልክልኛል" አለች እናቴ። "ይቅር በይኝ። ምን እንደምልሽ አላውቅም።"

እትዬ እጃቸውን ከገለባው አራገፉ። ገብተው ቅጂውን ይዘው መጡና ተለዋወጡ። "እኔም እኮ አንዳንድ ቀን እንደዚያው አስባለሁ" አሉ። "አልጽፍ ሲለኝ፣ የለም ማለት ነው እላለሁ። ከሰው አፍ ሲወጣ ነው የከበደኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንቺም አታልቅሺ፤ ሕፃን ነሽ" አሉኝ። ሕፃን አልነበርኩም። ደመወዝተኛ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ካሴት ሊሰሙ እኛ ቤት አልመጡም፤ የራሳቸው ነበራቸው። ለበዓል ይመጣሉ፣ እናቴ ስትታመም ሾርባ ልከዋል። ግን ቁጭ አይሉም። እናቴ ከሰዓት በኋላ የአጥሩ በር ሲንቋቋ ቀና ትላለች፤ ቴፑን ሳትከፍት ትውላለች።

ወንድሜ ለእረፍት የመጣ ክረምት፣ በሁለተኛው ቀን ቆርቆሮውን አየው። ካሴቶቹ ላይ ቁጥር መጻፌ ደስ አለውና በተራ ሊሰማቸው የመጀመሪያውን፣ ከእትዬ የተመለሰውን የመሸኛውን ቅጂ፣ አስገባ። ልከለክለው ፈልጌ ምክንያት አጣሁ። እናቴ ወደ ጓሮ ወጣች። እሱ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ሳቀ፣ የጓደኛውን ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ሰማው።

"ይሄ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ስለ ማን ነው የምታወሩት?"

ያኔ ነው የገባኝ። ስለ ጓደኛው መጥፋት አልነገርነውም ነበር። ለእሱ በምንልከው ካሴት ሁሉ "ሁሉም ደህና ነው" እንላለን፤ ሰላምታህን አድርሰናልም እንላለን። በነገርኩት ጊዜ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቴፓችንን አነሣ፣ ከተማ ሄዶ ባዶ ካሴት ገዛ፣ ከዚያ ወደ እትዬ ቤት ገባ።

በአጥሩ ቀዳዳ፣ በተከፈተው በራቸው በኩል አየኋቸው። ሁለቱ ቴፖች ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዋናውን ካሴት ይናገራል፣ ሌላው ይቀዳል። እሱና እትዬ ከወዲያና ከወዲህ ሆነው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው አብረው ሰሙ። እኔም እናቴም አልተጠራንም። ቢጠሩኝም የምገባ አይመስለኝም።