ወንድሜን ያስቀመጥኩበት ቤት

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ቃል አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም። ደስ ሲለው አፉን ገጥሞ ያንጎራጉራል፣ ሲከፋው ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። ባደግንበት የስማዳ ቀበሌ ግማሹ ሰው «ዱዳ» ይለዋል፣ ግማሹ ደግሞ «የያዘው አለ» ይላል። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት መምህራን ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ለእናቴ ልነግራት እየቸኮልኩ ሄድኩ። ስሙን ማወቅ መድኃኒቱን ማግኘት መስሎኝ ነበር።

«ስሙን ካወቁት መላውንም ነገሩሽ?» አለችኝ።

«መላውን አልነገሩንም።»

«እንግዲያው እኔ የማውቀው ይበልጣል» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እውነቷን ነበር። ወጥ ከወጥ ከተነካካበት እንደማይበላ ታውቃለች። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አንገቱን እንደሚያሳክከው ታውቃለች። በሰፈር ሠርግ ሲኖር ከበሮው ሳይጀመር ይዛው ወደ ወንዙ ትወርዳለች፣ ሁሉም ሲያበቃ ይዛው ትመለሳለች። ሥራም ሰጥታዋለች፤ ምስር መልቀም። ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠጠሩን ወዲያ፣ የሻገተውን ወዲህ ሲለይ ሲያንጎራጉር ይውላል። ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን ምስር ያመጡለት ነበር። እሱ የለቀመው ጥርስ አይሰብርም ይሉ ነበር።

እናቴ ስትሞት እሱ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የአርባዋ ዕለት ሰዉ ከተበተነ በኋላ አጎቴ ጠራኝ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ባለቤቴም ትፈራዋለች። ጠበል ወስደን እዚያው ይኑር» አለኝ። እሱ ገና ልጅ ሳለ እናቴ አንድ ጊዜ ጠበል ወስዳው፣ በሰንሰለት እናስረው ሲሏት ይዛው ተመልሳለች። ይኼን አስታወስኩትና «አይሆንም፣ እኔ የተሻለ ቦታ አገኝለታለሁ» አልኩ። ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ፤ ደመወዝተኛ ነኝ፤ የተማርኩ ነኝ። የተሻለ ቦታ ማለት እኔ ዘንድ ይሆናል ብዬ ግን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ከጋይንት ርቆ ባለ አንድ ከተማ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አለ ብለው ነገሩኝ። ወሰድኩት። በሩ ላይ አበባ ተተክሏል፣ ቢሮው ቀለም ተቀብቷል። የሰጡኝ ቅጽ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን ጠየቀኝ። ስለ ጠባዩ ሁለት ምርጫ ነበር፤ «ያስቸግራል» እና «አያስቸግርም»። እንዳይመልሱብኝ ፈርቼ «አያስቸግርም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ምን ይወዳል፣ ምን ይጠላል የሚል ጥያቄ አልነበረም። እኔም አልነገርኳቸውም። ስለ ምስሩ፣ ስለ ኮሌታው፣ ስለ ከበሮው አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ሥራ አስኪያጁ ሊጠይቀው የሚመጣ ሰው ከሁለት ቀን በፊት መደወል እንዳለበት ነገረኝ። «ለእነሱ ነው» አለኝ፣ «ድንገት ሰው ሲመጣ ይረበሻሉ።» እውነት መሰለኝ።

በየጊዜው እየደወልኩ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ አበባው አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ሸሚዙ ኮሌታ ነበረው። ከስቷል ስል «ምግብ ይመርጣል» አሉኝ። አንገቱ ቆስሏል ስል «ራሱን ይቧጭራል» አሉኝ። አያንጎራጉርም ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ጎንበስ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልክ መስመሩም ተቋረጠ። ብዙ ወር እንደዚያ ቆየን። መኪና ይንቀሳቀሳል የተባለ ዕለት፣ ኔትወርኩ ገና ሳይመለስ፣ ሳልደውል ሄድኩ።

ዘበኛው አወቀኝ። «ደውለዋል?» አለኝ።

«በምን ልደውል?»

ትንሽ አመነታና ከፈተልኝ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ቢሮው ውስጥ ሰው አልነበረም። አበባውን አልፌ፣ ከዚያ በፊት አሳይተውኝ ወደማያውቁት ወደ ጓሮው ዞርኩ።

ጭቃ የተመረገ ረጅም ግድግዳ አለ፤ በግድግዳው ልክ አግዳሚ ወንበር። ሰዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ማንም ምንም አይሠራም። ወንድሜ ጫፉ ላይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ በተቀደደ አንሶላ ከወንበሩ እግር ጋር ታስሯል። ሁለቱ እጆቹ ካልሲ ውስጥ ገብተው አንጓቸው ላይ በሲባጎ ተቋጥረዋል። ከኋላው ያለው ግድግዳ እስከ ትከሻው ድረስ ተቦርቡሮ ነበር። ሥራ ሲያጣ ከጭቃው ውስጥ ጭዱን አንድ በአንድ ሲለቅም ኖሯል።

ሲባጎው ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ፈታሁት። እጁ ውሃ ውስጥ እንደ ሰነበተ ነገር ነጥቶ ለስልሷል። አላየኝም። ሁለቱንም እጆቹን ፈትቼ ስጨርስ መልሶ ዘረጋልኝ፤ እንድይዘው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነው እንዳስረው እንደሆነ የገባኝ።

እርጥብ ልብስ የታቀፈች ጠና ያለች ሴት ከውስጥ ወጣች።

«አንች ማነሽ?»

«እህቱ ነኝ።»

ልብሱን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያሰርኩት ልጄ፤ አልዋሽሽም። ሁለት ሴቶች ነን። ስናጥብ፣ ስናበላ፣ የታመመ ስናነሳ ነው የምንውለው። ግድግዳውን አፈረሰ ብለው እኛን ተቆጡን።» ቀና ብላ አየችኝ። «ለመሆኑ ምን ይወዳል? ማንም እኮ አልነገረን።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ወንድሜ እዚያ ቤት ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበርና አፈርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከምሳ ሲመለስ ቢሮው ደጃፍ ቆሜ ጠበቅሁት። «ደውለው ቢመጡ ኖሮ እኮ አዘጋጅተን እንጠብቅዎት ነበር» አለኝ።

«ወንድሜ ድግስ ነው የምታዘጋጁት?»

አልተቆጣም። ብቆጣው የለመደው ነገር መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል። «መምህርት፣ እኛ ሠላሳ ሰው ይዘናል። እርስዎ አንዱን አልቻሉም» አለኝ። «ይዤው እሄዳለሁ» አልኩት። የመውጫ ወረቀት አወጣና አስፈረመኝ። «በሙሉ ጤንነት ተረክቤአለሁ» ይላል። ፈረምኩ።

ስንመለስ ደብረ ታቦር ላይ እራት ልንበላ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ሽሮ አዘዝኩለት፣ ብቻውን፣ ሌላ ወጥ ሳይነካው። ምግቡ ቀረበ። አልበላም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳህኑን ያያል። ባጎርሰው አፉን ገጠመ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ቤት ምግብ የሚጀመረው ሲጨበጨብ ነው፤ ሴትዮዋ ስትሸኘን ነግራኝ ነበር። ቢቸግረኝ አጨበጨብኩ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ መብላት ጀመረ። አስተናጋጁ የተጠራ መስሎት «አቤት!» እያለ ሮጦ መጣ። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ውሃ አምጣልኝ አልኩት። የተከፈተ ውሃ ፊታችን ነበር።

ንፋስ መውጫ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ፤ ያን ጊዜ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። አጎቴ «የተሻለውን ቦታ አገኘሽለት?» ብሎ ላከብኝ እንጂ አልመጣም። ርዳታ ልጠይቅ ወደ ወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀት የሚያገላብጠው ጎልማሳ ትሑት ሰው ነበር።

«ሕፃን ነው?» አለኝ።

«አይደለም፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው።»

«አረጋዊም አይደለም ማለት ነው። ዓይኑ ያያል? ጆሮው ይሰማል? ይራመዳል?»

«አዎ።»

ቅጹን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። «እንግዲህ የት ላስገባው መምህር? ለእሱ የሚሆን ቦታ የለውም።» ከልቡ ያዘነ ይመስላል። ተነስቶ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ምስር ገዝቼ ሰፌድ ላይ አድርጌ ሰጠሁት። ሰፌዱን ጭኑ ላይ ያዘው። የያዘው እንዲይዝ ስለሰጠሁት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አንድ ፍሬ ሳይነካ እንደያዘው አገኘሁት። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንደዚያው።

እና ጠዋት ስወጣ ከውጭ እቆልፍበታለሁ። ይኼን ለባልደረቦቼ አልነግርም። «ወንድምሽን ማን ይዞልሽ ነው?» ሲሉኝ ዘመድ መጥታልኛለች እላለሁ። ክፍል ገብቼ ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚያወራውን ምዕራፍ አስተምራለሁ። ልጆቹ በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ እኔ በእጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን እዳብሳለሁ። አንድ ቀን ሳልቆልፍ ሄጄ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ሮጬ ተመለስኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐዩ እስከ እግሩ ድረስ ገብቷል። እሱ ካስቀመጥኩት ቦታ አልተነሳም። የሮጥኩት ይጠፋ ይሆን ብዬ ነበር፤ ተቀምጦ ሳገኘው ግን ደስ አላለኝም።

ኔትወርክ ከተመለሰ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። ጤንነታችንን ጠየቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ቤቱን የሚረዱ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ የወንድሜ ስም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ለአንድ ቀን ብቻ ባመጣው፣ ትራንስፖርቱን እነሱ እንደሚችሉ ነገረኝ። ሰምቼ ጨረስኩ። መሳደብ ነበረብኝ። ስድቡን ለወራት ሳዘጋጀው ኖሬያለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ቃላቱን አሳምሬ አስቀምጬዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አልጋው ሰው ገብቶበታል?» አልኩት።

«የለም፣ ባዶ ነው» አለኝ ፈጠን ብሎ።

ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የእኔን ድምፅ ይስማ አይስማ አላውቅም። «አስቤበት እደውላለሁ» አልኩና ዘጋሁት።